ማንም ያላበሸቀኝ ክረምት

እኔ ከፊሊፒኖች ቋንቋ ከታጋሎግ የማውቀው ሰው ማብሸቂያውን ብቻ ነው። ውሃ ስጡኝ ማለት አልችልም። ማኒላ ላይ መንገድ ቢጠፋኝ የት ነው ብዬ መጠየቂያ የለኝም። ግን ሰው ወዳጁን ሲነካካ፣ ከሴት ጋር አጣምሮ ሲያሽኮረምመው፣ ከብቦ ሲያንጫጫበት፣ ለእያንዳንዱ ቃል አላቸውና እሱን አውቃለሁ። ያስተማሩኝ ሮም ውስጥ፣ ከኤስኲሊኖ በእግር ብዙ የማያስኬድ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብረውኝ የሠሩ ሰዎች ናቸው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ተማርኩ የምለው ይህንኑ ነው፤ እሱንም ቁጭ ብዬ ሳይሆን ቆሜ።

ሮም የገባሁት መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እዚህ ካሉት ዓለም አቀፍ የምግብ ድርጅቶች በአንዱ የሚሠሩ ያገሬ ሰው ቤተሰባቸውን ሲያመጡ፣ ወጥ ቤትም ዘበኛም አድርገው ይዘውኝ መጡ። እሳቸው ወደ ሌላ አገር ሲዛወሩ እኔ ቀረሁ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ነበረች። ዘንድሮ ትመጣለች፣ ለከርሞ ትመጣለች ስንባባል ዓመቱ ሄደ። በኋላ መባባሉን ተውነው እንጂ ስልኩን አልተውነውም። እሑድ እሑድ ቪያ ቮልቱርኖ ካለው ስልክ ቤት እደውልላታለሁ። "እንዴት ነሽ?" ስላት፣ "አንተ ከሄድክ ወዲህ ምን እሆናለሁ፣ ወፈርኩ እኮ" ትለኛለች። እንዲህ ነበረች። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን ሳትነካካኝ ውላ አታውቅም። ሌላው ሰው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው እያለ ያከብረኛል። እሷ ግን ይህንኑ እርጋታዬን ነበር የምትጫወትበት።

ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አምስት ነበርን። አለቃችን ሃምሳ ዓመት ያለፋት ፊሊፒናዊት ስትሆን፣ ሁሉም "አቴ" ይሏታል፤ እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። ማሽኖቹን የሚሞላና የሚያራግፍ አንድ ግዙፍ ሰው ነበር፤ እሱ "ኩያ" ነው፣ ጋሼ እንደ ማለት። ሁለት ወጣት ሴቶች ደግሞ ይተኩሳሉ። አራቱም ያንድ አገር ልጆች ናቸው፤ ባዳው እኔ ነኝ። እኔን "ሎሎ" አሉኝ፤ አያቴ ማለት ነው። በስም የሚጠራራ የለም። ይህ ነገራቸው ገና ከጅምሩ ደስ አለኝ።

እንግዲህ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥራል፣ ያራግፋል፣ ከዚያ ተራምዶ ይገናኛል። አንዱ ጫፉን ለሌላው አስረክቦ ጎንበስ ይልና እጥፋቱን ያነሣል። እንደገና ይራራቃሉ፤ እንደገና ይገናኛሉ። የአንድ ሰው ፊት በቀን ስንት ጊዜ ወዳንተ እንደሚመጣ እንጃ። ዝም ብለህ ብትገናኝ ታብዳለህ። ስለዚህ ይበሻሸቃሉ። ሲራራቁ አንዱ ይወረውራል፤ ሲገናኙ ሌላው ይመልሳል። የሚያወሩት በጣሊያንኛና በታጋሎግ ቀላቅለው ስለሆነ ግማሹ ያመልጠኛል። ሆኖም ማን ማንን እንደወጋ ከሳቁ ይገባኝ ነበር።

መጀመሪያ እኔን አይነኩኝም ነበር። ከእኔ ጋር የሚያጥፍ ሰው ሥራውን ብቻ ይሠራል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ መስሎኝ ኖርኩ፤ እነሱ እነሱ ናቸው፣ እኔ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት ግን እንደ ልማዴ ስገባ ሰላምታዬን ያዝኩ። እንደኛው ነዋ! እንዴት አደራችሁ፣ እንቅልፍ እንዴት ነበር፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ እናት አባት ደህና ናቸው፣ ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ እያልኩ ለአራቱም በየተራ። ኩያ ማሽኑን ዘግቶ ሰዓቱን አየና ጮኸ።

"አቴ! ምሳ አቅርቢ! ሎሎ ሰላምታውን ጨረሰ!"

ሴቶቹ መተኮሻቸውን እያስቀመጡ "ኡዪ!" አሉ። እኔ እስከ ጆሮዬ ጋለኝ። በአባት ዕድሜ የሚሆን ሰው ላይ! የት አገር ያለ ነገር ነው? ልቆጣ አፌን ከከፈትኩ በኋላ፣ ያንን ዓይኑን አየሁት። መልስ የሚጠብቅ ዓይን ነበር። ይህን ዓይን አውቀዋለሁ፤ አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ አለ።

"አልጨረስኩም" አልኩት። "ያንተን አክስቶች ረስቻለሁ። ቆይ ከመጀመሪያው ልጀምር።"

ኩያ ማሽኑን ተደግፎ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንሶላ ስናጥፍ እኔም ይወረወርብኝ ጀመር። ትሬኒኖ በምንላት ትንሽ ባቡር ላይ አፌን ከፍቼ መተኛቴ፣ ሮም በሙቀት በምትነድበት በነሐሴ ኮት መልበሴ፣ ካልሲዬን ተኩሼ ማጠፌ፣ ሁሉም ተራው ደረሰ።

ምሳ ላይ ቃሎቹን ያስረዳችኝ አቴ ናት። ዋናው "አሳር" ነው አለችኝ። እኛ ዘንድ አሳር መከራ ነው ብላት ሳቀች። እነሱ ጋ ማብሸቅ ነው፤ የምትወደውን ሰው መነካካት። "ቱክሶ" ደግሞ ሁለት ሰው አጣምሮ ማሽኮርመም ነው። "ካንቻው" አንዱን ከበው ባንድ አፍ ሲያንጫጩበት ነው፤ ያ ኡዪ የሚሉት። "ላይት" ግን ክፉ ነው፤ ሰውን ማንኳሰስ፣ መዝለፍ።

"እዚህ ክፍል ውስጥ ላይት የለም" አለች፣ ማንኪያዋን እየነቀነቀች። "አሳር አለ። የተቆጣ ደግሞ ተሸነፈ። ቶሎ የሚቆጣ ሰው 'ፒኮን' ይባላል። ሎሎ፣ ፒኮን እንዳትሆን፣ ጎረምሳ ሆነህ ትቀራለህ።"

እሑድ ለባለቤቴ ነገርኳት። ኩያ የሚለኝን አንድ በአንድ ስነግራት በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ቆየች። "እሰይ፣ እግዜር ይስጠው" አለች። "እኔን አሳረፈኝ። ከእኔ ሰላም በልልኝ።" ሰላምታዋን ሰኞ አደረስኩ። ኩያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴን አለቃው አድርጎ፣ ሰኞ ሲሆን "የኔ አለቃ ምን አለች?" ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ሳለ፣ ጥቅምት ላይ ባለቤቴ ሞተች።

ያገሬ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃል። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ቶር ፒኛታራ ያለችው ክፍሌ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ለትምህርት ሮም የመጡ አንድ አባ ናቸው፤ ከኋላቸው ሁለት ያገሬ ሰዎች። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ፊት ሦስት ሰው ከመጣ ሌላ ምን ሊሆን ነው። ሳይናገሩ ገባኝ። ከተቀበረች አራተኛ ቀኗ ነበር። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ እድሳት ላይ ስለነበር ብሰማም መሄድ አልችልም ነበር፤ ለዚህ ነው ቀስ ያሉት። ሁለት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ። በሦስተኛው ሥራ ገባሁ።

ስህተቱ የኔ ነው። አሁን ይገባኛል። አገሬ ላይ ሐዘንተኛ አፉን ከፍቶ ሞተብኝ ብሎ አይዞርም፤ ሌላ ሰው ይነግርለታል። ጎረቤት ለጎረቤት፣ ዕድርተኛ ለሥራ ባልደረባ ያደርሳል። አንተ ጥቁር ለብሰህ፣ ጢምህን አሳድገህ ትቀመጣለህ፤ ያየህ ሁሉ ያውቃል፤ መጥቶ ያጽናናሃል። እኔም ጥቁር ሸሚዝ ለብሼ፣ ጢሜን ሳልላጭ ገባሁና አንሶላ ማጠፍ ጀመርኩ። የሚነግርልኝ ሰው እዚያ ቤት እንደሌለ አላሰብኩም። ለምን እንደሚስቁ ሳይገባኝ፣ ለምን ዝም አይሉም እያልኩ እስከ እኩለ ቀን ቆየሁ። ሰላምታም አልሰጠሁም ነበር።

ከኩያ ጋር አንድ ትልቅ አንሶላ ያዝን። ወጠርነው። ከዚያ ማዶ ሆኖ አስተዋለኝ። ሸሚዜን አየ፤ ጢሜን አየ፤ ፊቱ በራ።

"ኧረ ሎሎ! ጥቁር ሸሚዝ! ጢም! ገባኝ፣ ገባኝ! አለቃዬ ልትመጣ ነው! ሙሽራው ለሚስቱ እየተዘጋጀ ነው!"

"ኡዪይይ!" አሉ ሴቶቹ። አቴም ሳይቀር አጨበጨበች።

ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ እንጃ። "ዝም በል፣ ባለጌ!" ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ቃሉን አልሰሙትም፤ ድምፁን ግን ሰሙ። ከዚያ በጣሊያንኛ "ኤ ሞርታ" አልኩ፤ ሞታለች። አንሶላው በኔ በኩል መሬት ወደቀ። ኩያ የያዘውን ጫፍ አልለቀቀም። ሁለት እጁን ወደ ላይ እንዳደረገ ቆሞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉልኝን ብነግራችሁ ዘመድ አያደርገውም። ለሟች ዘጠኝ ቀን የሚጸልዩት ጸሎት አላቸው። ከሥራ ሲወጡ እየተከታተሉ ክፍሌ መጡ፤ ዘጠኙንም ቀን። ወንበሬ ሁለት ብቻ ስለሆነ ሴቶቹ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ይደረደራሉ። ኩያ ግን አይገባም። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጸሎቱን ከውጭ ይመልሳል። "ግባ እንጂ" ስለው "እዚህ ደህና ነኝ" ይለኛል። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ምንም የለም አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሞ አልኩት። ከልቤ ነበር።

አርባዋ አልፎ ጢሜን ተላጨሁ። ታኅሣሥ ላይ የእነሱ ክረምት ገባ፤ የሮም ክረምት ደግሞ ዝናብ ነው። እነሱ ግን አልተመለሱም። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ሰዎቹ እዚያው ናቸው፤ ከኔ ጋር የነበሩት ግን አልነበሩም። በጣሊያንኛ እንደኛው አንተና አንቱ አለ፤ ከአቴ በቀር አንቱ አሉኝ። ጠዋት ስገባ እጄን ይዘው ግንባራቸውን ያስነኩታል፤ እነሱ ዘንድ ሽማግሌ የሚከበረው እንደዚያ ነው። ሲስቁ ከኮሪደሩ እሰማቸዋለሁ፤ በሩን ስከፍት ሳቁ ይቆማል። ሰላምታዬን ሆን ብዬ አስረዘምኩት፤ አክስቶችን፣ የአክስት ልጆችን ጨመርኩበት። ኩያ አንገቱን አቀርቅሮ "ሁሉም ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብሎ መለሰ። አንሶላ ስናጥፍ ይመጣል፣ ጫፉን ያስረክበኛል፣ ይሄዳል። ይመጣል፣ ያስረክበኛል፣ ይሄዳል።

እሑድ የምደውልለት ስለሌለኝ ዝም ብዬ ቪያ ቮልቱርኖ እሄዳለሁ። እዚያም ያገሬ ልጆች "ይቀመጡ አባቴ" እያሉ ይነሱልኛል። እቀመጣለሁ። ጨዋታቸው በኔ ምክንያት ጨዋ ይሆናል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዳይጨናነቁ ብዬ እነሳለሁ። ክብር ጥሩ ነው፤ አልጠላሁም። ብቻ ሁሉ ሰው ቀና ብሎ ካየህ፣ ጎንህ የሚቀመጥ አይኖርም።

እኔው ልጀምር ብዬ ተነሣሁ። አንድ ማክሰኞ ኩያ ብርድ ልብስ ወደ ማሽን እየጠቀጠቀ ሳለ፣ "ኩያ" አልኩት፣ "አንተን እዚያ ውስጥ ብንከትህ በስንት ዙር ትታጠባለህ?"

ቀና አለ። ዓይኑ ለአፍታ በራና ጠፋ። "እውነትዎን ነው ሎሎ" አለኝ። "ክብደት መቀነስ አለብኝ።"

እንዲህ ያለ መልስ አይስጣችሁ።

አቴን ለብቻዋ አገኘሁና ጠየቅኋት። ማፈሬም አልቀረ። ሽማግሌ ሰው ለምን አትስቁብኝም ብሎ አቤቱታ ያቀርባል? ብቻ ጠየቅኋት።

"ኩያ ተቀይሞኛል?" አልኳት።

"ኧረ የለም። ፈርቶ ነው።"

"ይቅር ብዬው የለ?"

"ብለኸዋል፤ ሁለት ጊዜ። እሱ አይደለም ነገሩ።" የምትቆጥረውን ፎጣ አስቀመጠች። "ሎሎ፣ በፊት ሰኞ ሰኞ ስለ እሷ ታወራን ነበር። ከሞተች ወዲህ አንድ ቃል አልተናገርክም። የት ላይ እንደሚያምህ አናውቅም። ስለዚህ የትም አንነካህም።"

ክፉ ነገር አልተናገረችም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ከኔ ጋር ዋለ። እውነቷን ነበር። ለአባም፣ ላገሬ ሰዎችም፣ ለማንም ስለ እሷ አላወራሁም። ጥሩ ሴት ነበሩ፣ ነፍስ ይማር ሲሉኝ አሜን እላለሁ፤ አበቃ። ጥሩ ሴት የሚሏትን አላውቃትም። እኔ የማውቃት ምላሷ የሚቆርጠውን ነው።

ካቶሊኮቹ ጾም በገቡ ሁለተኛው ዓርብ ነው። አቴ ዓርብ ዓርብ ማሾ ቀቅላ ታመጣለች፤ የጾም ምግባቸው ነው። ምድር ቤት ካለችው ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። አቴ ቀመሰችና "ጨው ረስቻለሁ!" አለች። እኔ ለበሩ ቅርብ ስለነበርኩ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ። ኩያ ከኔ ቀድሞ ሊነሣ ሲል እጄን ትከሻው ላይ ጭኜ አስቀመጥኩት።

ወጥ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩን በተሽከርካሪ ወንበር ያሉ አንዲት እናት ይዘውታል፤ በደረጃ ወጣሁ። ደረጃው ላይ አንዲት መነኩሴ አገኘችኝ፤ ደህንነቷን ጠየቅኋት፤ ጉልበቷን እንደሚያማት ነገረችኝ፤ ስለ ጉልበት ጥቂት ተጨዋወትን። ወጥ ቤት ስደርስ የጨው ማሰሮው ባዶ ነው፤ ሌላ ሲፈለግ ቆምኩ። እንዲህ እንዲህ ብዬ ስመለስ፣ አራቱም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ማንኪያ ያነሣ የለም። ማሾው ከላዩ ቆዳ ይዟል። ምሳ ሰዓታችን ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

"ግራትሲዬ ሎሎ" አለ ኩያ፣ ቀስ ብሎ። "እንኳን ደህና መጡ።"

ሌላ ቃል የለም። ሰዓት ያየ እንኳ የለም። ጨዉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ሳልቀመጥ፣ ወንበሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር አድርጌ ሳልሰደብ ስቀር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ባለቤቴ ብትኖር" አልኩ፣ "አሁን ምን ትለኝ እንደነበር ታውቃላችሁ?"

ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ኩያ እጁን ማየት ያዘ።

"ለጾም ወጥ ጨው ብልክህ፣ ለፋሲካ ዶሮ ትደርሳለህ! እንዲህ ነበር የምትለኝ። ሱቁ ከቤታችን አጥር ሥር ነው፤ አንድ ቀን ሄጄ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሰላም ብዬ ስመለስ፣ ምግቡ ተበልቶ፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ በሩን ከውስጥ ዘግታ፣ 'ማን ልበል? ባሌ ጨው ሊገዛ ወጥቶ ጠፍቷል፤ ካገኙት ይንገሩልኝ' አለችኝ።"

ቀስ ብዬ፣ በማውቃት ጣሊያንኛ ነው የተናገርኩት። ጾሙንም ዶሮውንም ማስረዳት ነበረብኝ። ጨረስኩ። ከወጣቶቹ አንዷ ከንፈሯን ነክሳለች። አልተሳካም ብዬ ልቀመጥ ስል ኩያ ቀና አለ።

"ታዲያ ያን ቀን ወጡ ያለ ጨው ተበላ?"

"ከጎረቤት ተበድራ ነበር።"

ኩያ ማንኪያውን አገላበጠ። ላብ አስመጥቶታል። "ሎሎ… ጎረቤቱ ወንድ ነበር?"

አቴ ከጠረጴዛው ሥር ስትረግጠው ሰማሁ።  ኩያ ራሱ አፉን በእጁ ሊይዝ ምንም አልቀረው፤ የወጣችውን ቃል እንዴት እንደሚመልሳት ጨንቆታል። እኔም ደረቴ ላይ አንድ ነገር ወጋኝ፤ አልዋሽም። በሷ ላይ ነው እኮ የተባለው። ግን ዓይኑን ሳየው መልስ ይጠብቃል። ከጥቅምት ወዲህ እንደዚያ ያየኝ ሰው አልነበረም።

"ወንድ ነበር" አልኩት። "የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነው፤ አንድ እግሩ ያነክሳል። ግን አንሶላ ቢያጥፍ ካንተ ይፈጥናል።"

መጀመሪያ የሳቀችው አቴ ናት። ከዚያ ሴቶቹ "ኡዪይይ!" አሉበት፤ ጠረጴዛውን በማንኪያ እየደበደቡ። "ኩያ ቀላ! ኩያ ፒኮን!" አንዷ ስትጮህ፣ ኩያ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲያነሣው ዓይኑ እርጥብ ነው፤ አፉ ግን እየሳቀ ነው። "ቀርፋፋ ሽማግሌ!" አለኝ፣ አንተ ብሎ። "ምሳዬን በረዶ አደረግክብኝ!" ማሾውን እንደቀዘቀዘ በላነው። ጨው ጨምር ያለ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሥራ በዘጠኝ ሰዓት አለቀ። ትሬኒኖው ላይ ለብቻዬ እየሳቅሁ ስሄድ፣ ጎኔ የነበረች ሴት ቦርሳዋን ወደ ማዶ አዛወረች። ክፍሌ ስገባ ፀሐይዋ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች። በሩን ዘጋሁና ያንኑ የጨውን ነገር በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፣ እሷ እንደምትለው አድርጌ አልኩት። አልወጣልኝም። ቃሉ አልጎደለም፤ ድምፁ የኔ ሆነብኝ። ደግሜ ሞከርኩና ተውኩት።

ኮቴን ሳላወልቅ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ኩያን አውቀዋለሁ፤ ሰኞ ያንን ጎረቤት እንደገና ማንሣቱ አይቀርም። መልስ ላዘጋጅ ብዬ የሰውየውን ስም ለማስታወስ ሞከርኩ። መልኩ አለ፣ ከዘራው አለ፣ የበሩ ቀለም አለ። ስሙ ጠፋኝ። እሷ ነበረች የምታውቀው።